ዮርዳኖስ፦ ወደ ታች የሚወርድ ወንዝ

መግቢያ



ከጥቂት ዓመታት በፊት በማገለግልበት ቁምስና አንዲት እናት ሴት ልጅ ወለደች። የልጂቱ ሰማንያ ቀን ሲደርስ ለክርስትና ይዛት ትመጣለች ብዬ ብጠብቅ ሳትመጣ ቀረች። አምስት ወር ሞላ። ምክንያቱን ስጠይቃት፥ «አባ፥ እኅቴ በዮርዳኖስ አገር፥ ዐማን ከተማ፥ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ለዕረፍት ስትመጣ ጌታ ከተጠመቀበት ወንዝ ውኃ ቀድታ ታመጣልኛለች። ልጄ በእርሱ እንድትጠመቅልኝ ብዬ ነው» አለችኝ። ላስረዳት ሞከርሁ፤ ልቧ ግን ከእኅቷ ዘንድ ነበር። እኔም ጊዜ ራሱ ያስረዳታል በማለት ዝም አልሁ። ዝምታዬ ስሕተት እንደነበረ የተረዳሁት በኋላ ነው።

አንድ ሌሊት የልጂቱ አባት በሬን አንኳኳ። ደርሼ ሳይ ሕፃኗ በብርቱ ትኩሳት ተይዛ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር። እዚያው በቤቱ ውስጥ፥ ከጀሪካን በጣሳ በተቀዳ ውኃ፥ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠመቅኋት። ወዲያውም ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደች፤ እግዚአብሔር በሐኪሞች እጅ ፈወሳት። የቀረው ሥርዓትም በቤተ ክርስቲያን ተፈጸመላት። የእናትየዋ ደስታ ግን ሙሉ አልሆነም። ከሳምንታት በኋላ ከቅዳሴ በፊት መጥታ፥ «አባ፥ ልጄ በጀሪካን ውኃ ተጠመቀች። እንግዲህ ዮርዳኖስ ሳይደርሳት ቀረ ማለት ነውን?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ የአንዲት እናት ብቻ አይደለም። ከቅድስት አገር የመጣ ጠርሙስ በየቤታችን በአክብሮት ተቀምጦ ይገኛል፤ በየደጃችን ያለውን የጥምቀት ጸጋ ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ዮርዳኖስ በመጽሐፍ ቅዱስ ያለውን ስፍራ ከመነሻው እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ወደዚያች እናት ጥያቄ እንመለሳለን።

1. ስሙና መልክዓ ምድሩ

የወንዙ ስም በዕብራይስጥ «ያርዴን» ነው። ብዙ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ስሙ የተገኘው «ያራድ» ከሚለው ግስ ሲሆን፥ ትርጉሙ ወረደ ማለት ነው። ዕብራይስጥና ግእዝ ዘመዳሞች ስለሆኑ ይህ ግስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዕብራይስጥ በ«የ» የሚጀምሩ ብዙ ግሶች በግእዝ በ«ወ» ይጀምራሉ፤ የእነርሱ «ያላድ» የእኛ «ወለደ» እንደሆነ ሁሉ፥ የእነርሱ «ያራድ» የእኛ «ወረደ» ነው። እንግዲህ ዮርዳኖስን በእኛ አፍ «ወራጁ» ብለን ልንጠራው እንችላለን። በሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው ሊቅ ኦሪጀንም የዮሐንስን ወንጌል ሲተረጉም የወንዙን ስም «መውረድ» በሚል ፈትቶ፥ ምሥጢሩ ወደ እኛ ወደ ወረደው ወደ ቃለ እግዚአብሔር እንደሚያመለክት ጽፏል።

የወንዙ ጉዞም እንደ ስሙ ነው። ምንጮቹ የሚፈልቁት 2,814 ሜትር ከፍታ ካለው ከአርሞንኤም ተራራ ግርጌ ነው። ከዚያ ወርዶ ወደ ገሊላ ባሕር ይገባል፤ ይህም ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። ከገሊላ ባሕር ወጥቶም ቁልቁል ይቀጥልና ከባሕር ወለል ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለው ወደ ጨው ባሕር ይገባል፤ የጨው ባሕር ዳርቻም በየብስ ላይ ካሉት ስፍራዎች ሁሉ ዝቅተኛው ነው። በሁለቱ ባሕሮች መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ ቢለካ 105 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወንዙ ግን እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል።

ዮርዳኖስ በሰው ዓይን ታላቅ ወንዝ አይደለም። እንደ ዓባይና እንደ ኤፍራጥስ ታላላቅ መንግሥታት በዳርቻው አልተመሠረቱም፤ መርከቦችም አይመላለሱበትም። እግዚአብሔር ለማዳን ሥራው የመረጠው የግብፅን ወይም የባቢሎንን ወንዝ ሳይሆን ይህን ትንሽና ዝቅተኛ ወንዝ መሆኑን ልብ እንበል። የምሥጢሩ መክፈቻ በዚህ ላይ ነውና።

2. የመሻገሪያው ወንዝ

እስራኤል ከግብፅ ወጥቶ አርባ ዓመት በምድረ በዳ ከተንከራተተ በኋላ፥ የተስፋይቱን ምድር ከዮርዳኖስ ማዶ ተመለከተ። ሙሴ ይሻገር ዘንድ አጥብቆ ለመነ፤ አልተፈቀደለትም። በናባው ተራራ ሆኖ ምድሪቱን በዓይኑ አይቶ ዐረፈ (ዘዳ. 3፥23-28፤ 34፥1-5)። ሕዝቡን የማሻገሩ ሥራ ለኢያሱ ተሰጠ። «ኢያሱ» እና «ኢየሱስ» በመሠረቱ አንድ ስም መሆኑን የቤተ ክርስቲያን አባቶች ከጥንት ጀምረው አስተውለዋል፤ የግሪኩ መጽሐፍ ቅዱስም ሁለቱን በአንድ ዐይነት ይጽፋቸዋል። ሕጉን የተቀበለው ሙሴ እስከ ወንዙ አደረሰ፤ ወደ ርስት ያስገባው ግን የጌታን ስም የተሸከመው ሰው ሆነ።

መሻገሪያው የተመረጠው በማይመች ጊዜ ነበር። ወራቱ የመከር ወራት ነበረና ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር (ኢያ. 3፥15)። ውኃው የቆመውም ሕዝቡ ከሩቅ ሆኖ ሲመለከት ሳይሆን፥ ታቦቱን የተሸከሙት ካህናት እግራቸውን ወደ ሙላቱ ካስገቡ በኋላ ነው። ከላይ የሚወርደው ውኃ አዳም በምትባል ከተማ አጠገብ ተከማችቶ ቆመ (ኢያ. 3፥16)። በዚያው አካባቢ በ1267 እ.ኤ.አ. ዳርቻው ተደርምሶ ወንዙን ለሰዓታት እንዳቆመው አንድ የዐረብ ታሪክ ጸሐፊ መዝግቧል። እንዲህ ያለው ነገር ተአምሩን አያሳንሰውም፤ ፍጥረት በፈጣሪው ጊዜና ትእዛዝ እንደምታገለግል ያሳየናል እንጂ።

በዚህ ታሪክ በተለይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። የእግዚአብሔር የቃል ኪዳን ታቦት ወደ ወንዙ እልፍኝ፥ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ወረደ፤ ሕዝቡ ሁሉ እስኪያልፍም በዚያ ቆመ። አረጋዊውም ሕፃኑም፥ ብርቱውም ደካማውም አለፈ፤ ታቦቱ ግን ከሁሉ በኋላ ወጣ (ኢያ. 3፥17፤ 4፥10-11)። እግዚአብሔር ሕዝቡን ያሻገረው ከተራራ ላይ ሆኖ በማዘዝ ብቻ ሳይሆን፥ እርሱ ራሱ በሙላቱ መካከል በመገኘት ነው።

ከተሻገሩም በኋላ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ከወንዙ መካከል ተነሥተው በጌልገላ ቆሙ፤ ልጆች ወደ ፊት ስለ ድንጋዮቹ ሲጠይቁ አባቶች የማዳኑን ሥራ እንዲተርኩላቸው ነው (ኢያ. 4፥20-24)። እንግዲህ ልጆች እንዲጠይቁ፥ ወላጆችም እንዲመልሱ ከጥንት ታዝዟል። በዚያም ፋሲካን አከበሩ፤ የምድሪቱን ፍሬ በሉ፤ መናም ቀረ (ኢያ. 5፥10-12)። ኦሪጀን መጽሐፈ ኢያሱን ባስተማረበት ስብከቱ፥ ቀይ ባሕርን መሻገር የንኡሰ ክርስቲያንን ጅማሬ፥ ዮርዳኖስን መሻገር ደግሞ ምሥጢረ ጥምቀትን እንደሚያመለክት አብራርቷል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም የዮርዳኖስን መሻገር ከጥምቀት ምሳሌዎች አንዱ አድርጎ ያስቀምጠዋል (ቁ. 1222)።

ከዘመናት በኋላ ነቢዩ ኤልያስ በመጎናጸፊያው ውኃውን መትቶ ከኤልሳዕ ጋር በየብስ ተሻገረ፤ ከማዶም ወደ ሰማይ ተወሰደ። ኤልሳዕ በወደቀለት መጎናጸፊያ ውኃውን መትቶ ተመለሰ፤ የመምህሩም መንፈስ በእርሱ ላይ እንዳደረ ታወቀ (2ኛ ነገ. 2፥8-15)። አንዱ ወደ ላይ ዐረገ፤ ሌላው መንፈስን ተቀብሎ ወደ ሕዝቡ ወረደ። ዮርዳኖስ መንፈስ የሚወረስበት ወንዝ ሆነ።

3. ንዕማን፦ ከሠረገላው የወረደው ሰው

ከዮርዳኖስ ታሪኮች ሁሉ ለዛሬው ጥያቄያችን ቅርብ የሆነው የንዕማን ታሪክ ነው (2ኛ ነገ. 5)። ንዕማን የሶርያ ንጉሥ የጦር አለቃ፥ በጌታው ዘንድ የተከበረ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ለምጻም ነበር። የመዳኑ ነገር የተጀመረው ከቤተ መንግሥት አይደለም። ከእስራኤል ተማርካ በቤቱ ሚስቱን የምታገለግል አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ስሟ እንኳ አልተጻፈም። በሰማርያ ነቢይ እንዳለ የተናገረችው እርስዋ ናት። ከአገራችን ወጥተው በባዕድ ቤት የሚያገለግሉ እኅቶቻችን በዚህች ልጅ ራሳቸውን ያገኛሉ። እምነቷን ከአገሯ ይዛ ሄደች፤ በማረኳት ሰዎች ላይ እንኳ ክፉ አልተመኘችም፤ የጌታዋንም ፈውስ ፈለገች።

ንዕማን ወርቅና ብር፥ ፈረስና ሠረገላ ይዞ መጣ። ኤልሳዕ ግን ወደ እርሱ ሳይወጣ መልእክተኛ ልኮ ሰባት ጊዜ በዮርዳኖስ እንዲታጠብ ነገረው። ንዕማን ተቈጣ። የደማስቆ ወንዞች አባናና ፋርፋ ከእስራኤል ውኃ ሁሉ እንደሚሻሉ ተናግሮ ፊቱን ሊመልስ ሆነ። በእርግጥ ወንዞችን በውኃቸው ጥራት ብቻ ብንለካ ንግግሩ ከንቱ አልነበረም። ስሕተቱ ፈውሱን ከውኃው በመፈለጉ ነው። ፈውሱ የነበረው በእግዚአብሔር ቃልና ቃሉን በመታዘዝ ውስጥ ነው። አገልጋዮቹ በትሕትና መከሩት፤ እርሱም ሰማቸው። መጽሐፉ ወደ ወንዙ «ወረደ» ሲል የሚጠቀምበት ግስ የወንዙ ስም የተገኘበት ያው ግስ ነው (2ኛ ነገ. 5፥14)። ንዕማን ከሠረገላው ብቻ ሳይሆን ከክብሩም ወረደ፤ ሥጋውም እንደ ትንሽ ልጅ ሥጋ ሆነ።

እንግዲህ የንዕማንን ስሕተት ገልብጠን እንዳንደግመው እንጠንቀቅ። እርሱ፥ «የአገሬ ውኃ ከዮርዳኖስ ይሻላል» አለ፤ እኛ ደግሞ፥ «የዮርዳኖስ ውኃ ከአገሬ ውኃ ይሻላል» እንላለን። ሁለቱም አባባሎች ዓይንን ከሚያድነው አምላክ አንሥተው በውኃው ላይ ያሳርፋሉ። ጠበልን በእምነት መጠቀም መልካም ነው፤ ነገር ግን ጠበልን ተማምኖ ሕሙምን ከሐኪም ማራቅ አይገባም። መጽሐፈ ሲራክ እንደሚያስተምረን ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው (ሲራ. 38፥1-14)።

4. ጌታችን በዮርዳኖስ

እስከ አሁን ያየነው ሁሉ ጥላ ነበር፤ አካሉ የተገለጠው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ከናዝሬት መጥቶ በዮሐንስ እጅ ሲጠመቅ ነው (ማቴ. 3፥13-17፤ ማር. 1፥9-11፤ ሉቃ. 3፥21-22፤ ዮሐ. 1፥28-34)።

በወንዙ ዳር ኃጢአታቸውን የሚናዘዙ ሰዎች ተሰብስበው ነበር፤ ቀራጮችና ወታደሮችም በመካከላቸው ነበሩ (ሉቃ. 3፥12-14)። ኃጢአት የሌለበት ጌታ ከእነዚህ ጋር ተቆጠረ። ዮሐንስ ደነገጠ፤ ሊከለክለውም ሞከረ። ጌታ ግን ጽድቅን ሁሉ ይፈጽም ዘንድ እንዲህ መሆኑ እንደሚገባ ነገረው። ቀድሞ ታቦቱ ወደ ወንዙ እልፍኝ ወርዶ እንደ ቆመ፥ አሁን ታቦቱ ይጠቁምለት የነበረው እርሱ ራሱ ወደ ውኃው ወረደ፤ ያም በምድር ላይ ዝቅ ካሉት ስፍራዎች አንዱ በሆነ ሸለቆ ውስጥ ነበር። ዝቅ ብሎ በመውረዱም ከእርሱ በታች የሚቀር ኃጢአተኛ እንዳይኖር አደረገ።

እርሱ ሲወርድ ሰማይ ተከፈተ፤ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ወረደ፤ አብም የሚወደው ልጁ መሆኑን ከሰማይ መሰከረ። የቅድስት ሥላሴ ምሥጢር በዚህ በተናቀ ወንዝ ዳር ተገለጠ፤ በዓሉንም ኤጲፋንያ፥ ማለትም መገለጥ፥ የምንለው ስለዚህ ነው።

የጌታ መውረድ በዮርዳኖስ አልቆመም። ጌታችን ወደ ፊት መከራውን «ጥምቀት» ብሎ ጠርቶታል (ማር. 10፥38፤ ሉቃ. 12፥50)። ወደ ውኃው መውረዱ ወደ መስቀልና ወደ መቃብር የመውረዱ መጀመሪያ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ክርስቶስ ራሱን ባዶ አድርጎ የባሪያን መልክ መያዙን፥ ለመስቀል ሞትም መታዘዙን ያስተምራል (ፊልጵ. 2፥6-8)፤ እኛም በጥምቀት ከሞቱ ጋር እንደተባበርን ይናገራል (ሮሜ 6፥3-4)። ስለዚህ በብዙ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የጥምቀት ሥዕል ላይ ጌታ የቆመበት ውኃ እንደ ዋሻና እንደ መቃብር ሆኖ ይታያል።

ለጥያቄያችን ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ጌታችን ሊነጻ ወደ ውኃ አልገባም፤ ውኃን ሊቀድስ ገባ እንጂ። የሐዋርያት ደቀ መዝሙር የሆነው የአንጾኪያው ሰማዕት ቅዱስ አግናጥዮስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክቱ፥ ክርስቶስ የተጠመቀው በሕማሙ ውኃን ያነጻ ዘንድ መሆኑን አስተምሯል። የተቀደሰውም በዚያ ሰዓት በዚያ ስፍራ ያለፈው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ያ ውኃ በዚያው ቀን ወደ ጨው ባሕር ወርዷልና። የውኃ ባሕርይ በሙሉ ለአዲስ ልደት አገልግሎት ተለየ።

5. ዮርዳኖስ በየመንገዱና በየቁምስናው

ይህን እውነት ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደተረዳችው ለማየት፥ የአገራችን ስም ከተጻፈበት ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተሻለ ማስረጃ የለም። የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ነበር። ከኢየሩሳሌም እስከ ዮርዳኖስ ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በሠረገላ ለሚጓዝ ባለ ሥልጣን ሩቅ አልነበረም። ነገር ግን ፊልጶስ ያገኘው በሌላ አቅጣጫ፥ ወደ ጋዛ በሚወስደው የምድረ በዳ መንገድ ላይ ነው። ወንጌልን ሰምቶ ካመነ በኋላ በመንገድ ዳር ውኃ አዩ፤ የውኃው ስም አልተጻፈም። ፊልጶስ፥ «ሠረገላውን መልስና ጌታ ወደ ተጠመቀበት ወንዝ እንሂድ» አላለውም። ሁለቱም ወደ ውኃው ወረዱ፤ አጠመቀውም፤ ጃንደረባውም ደስ እያለው መንገዱን ቀጠለ (ሐዋ. 8፥26-39)። በመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ከዮርዳኖስ ብዙም ሳይርቅ፥ ስም በሌለው የመንገድ ዳር ውኃ ተጠመቀ!

ከጥንታውያን የቤተ ክርስቲያን ጽሑፎች አንዱ የሆነው ዲዳኬ፥ ጥምቀት በሚፈስ ውኃ እንዲሆን ካዘዘ በኋላ፥ ይህ ካልተገኘ በሌላ ውኃ፥ ቀዝቃዛ ካልተቻለ በሞቀ ውኃ፥ ብዙ ውኃ ካልተገኘም በራስ ላይ ሦስት ጊዜ በማፍሰስ እንዲፈጸም ይፈቅዳል። በ200 ዓ.ም. ገደማ ስለ ጥምቀት የጻፈው የካርታጎው ጠርጡሊያኖስም ዮሐንስ በዮርዳኖስ ባጠመቃቸውና ጴጥሮስ በሮም ወንዝ በቲቤር ባጠመቃቸው ሰዎች መካከል በውኃው ምክንያት ልዩነት እንደሌለ ያስረዳል፤ ለዚህም ማስረጃ አድርጎ ከሚጠቅሳቸው አንዱ ያው ጃንደረባ ነው።

አባቶቻችንም ይህን ምሥጢር በሥርዓታቸው ኖረውታል። በግእዝ ሥርዓተ አምልኮ ጥር 10 ቀን የከተራ፥ ጥር 11 ቀን የጥምቀት በዓል ሲከበር፥ በየአጥቢያው ያለው ባሕረ ጥምቀት ይባረካል፤ ሕዝቡም ይረጫል። በላሊበላ በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ መካከል የሚያልፈው የውኃ መውረጃ «ዮርዳኖስ» ተብሎ ተሰይሟል። አባቶች የሩቁን ወንዝ ወደ አገራቸው መሳብ አላስፈለጋቸውም፤ የራሳቸውን ውኃ በስሙ ጠሩት። ይሁን እንጂ በየዓመቱ የምንረጨው ሁለተኛ ጥምቀት እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። ጥምቀት አንዲት ናት (ኤፌ. 4፥5)፤ በዓሉ የጌታን ጥምቀት የምናስብበትና የራሳችንን ቃል ኪዳን የምናድስበት ነው።

6. ዛሬ ዮርዳኖስን የሚጎበኝ ምን ያያል?

በመግቢያው የጠቀስኋት እናት እኅት በኋላ ለዕረፍት መጣች። አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ድረስ መጥታ እንዲህ አለችኝ፦ «አባ፥ ወንዙን ሳየው ደነገጥሁ። ጠባብ ነው፤ ድፍርስ ነው። በክረምት የእኛ ሰፈር ወንዝ ይበልጠዋል። ተሳስቼ ይሆን ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ።»

አልተሳሳተችም። የጌታ ጥምቀት መታሰቢያ የሆነው የምሥራቁ ዳርቻ፥ በዐረብኛ «አል ማግጣስ» የሚባለው፥ በዮርዳኖስ መንግሥት ግዛት ውስጥ ይገኛል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በመጋቢት 2000፥ በነዲክቶስ 16ኛ በግንቦት 2009፥ ፍራንቸስኮስም በግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. በዚያ ተገኝተው ጸልየዋል። ወንዙ በዚያ ስፍራ የድንበር መስመር ነው፤ ከ1967ቱ ጦርነት በኋላም ዳርቻው ወታደራዊ ቀጠና ሆኖ ፈንጂ ተቀብሮበት ነበር። እስራኤልና ዮርዳኖስ በ1994 እ.ኤ.አ. የሰላም ውል ከተፈራረሙ በኋላ ምእመናን እየተፈቀደላቸው መጡ፤ የምዕራቡ ዳርቻም በ2011 እ.ኤ.አ. ለተሳላሚዎች በመደበኛነት ተከፈተ። የወንዙ ውኃ ግን ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዙሪያው ያሉ አገሮች ለመጠጥና ለመስኖ ስለጠለፉት ወደ ጨው ባሕር የሚደርሰው ከጥንቱ ፈሰስ ከዐሥር እጅ አንድ እጅ ያህል እንኳ አይሆንም፤ ፍሳሽም ሲለቀቅበት ኖሯል።

ይህን ሳስብ ኀዘንም ትምህርትም ይሰማኛል። ኀዘኑ ሰው የእግዚአብሔርን ስጦታ እንዲህ ማድከሙ ነው፤ በየቀያችን ያለውን ምንጭ የምናቆሽሽ እኛም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለንም። ለጥምቀት የተመረጠ ፍጥረት ክብር ይገባዋል። ትምህርቱ ግን ይህ ነው፦ ወንዙ ቢቀጥንም ጸጋው አልቀጠነም። ጸጋው በወንዙ መጠን ቢለካ ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ከወንዙ ጋር በደረቀች ነበር።

ጠርሙሱን ግን አልናቅሁትም። ንዕማንም ከተፈወሰ በኋላ ሁለት በቅሎ የሚሸከመውን የእስራኤል አፈር ወደ አገሩ ሊወስድ ለምኖ ነበር፤ ኤልሳዕም አልገሠጸውም፤ በሰላም አሰናበተው (2ኛ ነገ. 5፥17-19)። ከቅዱስ ስፍራ የመጣ መታሰቢያ ፍቅርን ሊያነቃቃ ይችላል፤ ያች እኅት ከድካሟ መካከል ቤተሰቧን አስባ ያመጣችው ስጦታ ደግሞ በእግዚአብሔር ፊት ዋጋ አለው። ስለዚህ ከሁለቱ እኅትማማቾች ጋር ተስማምተን፥ በከተራ ዕለት ውኃውን በቁምስናችን ባሕረ ጥምቀት ውስጥ ጨመርነው። በማግስቱ ሕዝቡ ሁሉ ከተባረከው ውኃ ተረጨ። የዮርዳኖሱንና የምንጫችንን ለይቶ የሚያውቅ ማንም አልነበረም። እናትየዋ ልጇን አዝላ ቆማ ነበር፤ «አሁን ገባኝ፥ አባ» አለችኝ።

7. ማጠቃለያ

ለእናትየዋ ጥያቄ መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው፦ ዮርዳኖስ ለልጅሽ ደርሷታል። ክርስቶስ የወረደበት ውኃ ሁሉ ዮርዳኖስ ነው፤ በቅድስት ሥላሴ ስም በሚፈስበት ስፍራም ሁሉ እርሱ በዚያ አለ። ከዚህ ትምህርት አራት ነገሮችን እንያዝ።

አንደኛ፥ የሕፃናትን ጥምቀት ያለ በቂ ምክንያት አናዘግይ። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ወላጆች በሚገባው ልማድ መሠረት ልጃቸውን ቶሎ የማስጠመቅ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል (ቀኖና 686)። ለድግስ፥ ለክርስትና አባት መምጣት ወይም ለሩቅ ውኃ ሲባል ጸጋውን ማቆየት አይገባም።

ሁለተኛ፥ የሞት አደጋ ሲያጋጥምና ካህን ሳይገኝ ሲቀር፥ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ለማድረግ አስቦ፥ ንጹሕ ውኃ በሕፃኑ ራስ ላይ እያፈሰሰ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም እንደሚያጠምቀው በመናገር ማንኛውም ምእመን ሊያጠምቅ ይችላል (ትምህርተ ክርስቶስ ቁ. 1256)። ይህን እያንዳንዱ ቤተሰብ ይወቅ። ልጃቸው ሳይጠመቅ የሞተባቸው ወላጆችም ተስፋ አይቍረጡ፤ ቤተ ክርስቲያን እንደነዚህ ያሉትን ሕፃናት ለእግዚአብሔር ምሕረት በአደራ ትሰጣለች (ቁ. 1261)።

ሦስተኛ፥ ካህናትና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ዝም አንበል። እኔ በወቅቱ አጥብቄ ባስተምር ኖሮ ያች ሌሊት ያን ያህል አስፈሪ ባልሆነች ነበር።

አራተኛ፥ የተጠመቀ ሰው የወንዙን መንገድ ይከተል። ታቦቱ ወረደ፥ ንዕማን ወረደ፥ ጌታችንም ወረደ። ቂም ይዘን ከፍ ብለን ከተቀመጥንበት ወርደን ወንድማችንን ስንታረቅ፥ ከሥልጣናችን ወርደን ስናገለግል፥ የቤት ሠራተኛችንን እንደ እኅት ስንመለከት፥ ጥምቀታችን ፍሬ ያፈራል። ከዚህ ውጭ ከዮርዳኖስ በርሜል ሙሉ ውኃ ብናስመጣ አይጠቅመንም።

በዮርዳኖስ ወርዶ ውኃን የቀደሰልን ጌታ ጥምቀታችንን በሥራ እንድንጠብቅ ይርዳን። ክብር ለአብ፥ ለወልድ፥ ለመንፈስ ቅዱስ ይሁን፤ አሜን።

ለቤተሰብና ለማኅበራት ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የተጠመቃችሁበትን ቀንና ቤተ ክርስቲያን ታውቃላችሁን? ለልጆቻችሁስ ነግራችኋቸዋልን?
2. በኢያሱ ዘመን ታቦቱ ከሁሉ በኋላ ከወንዙ መውጣቱ ስለ እግዚአብሔር ምን ያስተምረናል?
3. ንዕማን የተቈጣው ለምንድን ነው? እኛስ የእግዚአብሔርን ስጦታ ቀላል በመሆኑ ብቻ የናቅነው መቼ ነው?
4. በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ በአደጋ ጊዜ ሕፃን እንዴት እንደሚጠመቅ የሚያውቅ ሰው አለን?
5. በዚህ ሩብ ዓመት «ልንወርድ» የሚገባን ከየትኛው ከፍታችን ነው?